የባቢሌው አማች እና የእናቴ ግብጦ

እናቴን ፋንታነሽን በሮብ ገበያ ዙሪያ የማያውቃት የለም፤ የምትታወቀውም በግብጦዋ ነው። ሌላው ሰው በበሬው፣ በቤቱ ቆርቆሮ፣ ዩኒቨርሲቲ በገባ ልጁ ይኮራል። እሷ ሁለት ሴት ልጆች አሳድጋ፣ አስተምራ ስታበቃ የምትኮራው በግብጦ ነው። እኔ የመጀመሪያ ልጇ ጤናዬ ነኝና ይህን ስናገር ትንሽ ቅናት አለብኝ፤ አልደብቅም።

ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ግብጦ ዝም ብሎ ተቆልቶ ወደ አፍ የሚጣል እህል አይደለም። መራራ ነው፤ ምሬቱ ሳይወጣ የበላው ሰው ይታመማል። ስለዚህ ከተቆላ በኋላ በጆንያ ይታሰርና ድንጋይ ተጭኖበት ወራጅ ውሃ ውስጥ ይሰነብታል። ውሃው ምሬቱን ጠርጎ ሲወስድለት ይላጥና በጨው ይበላል። የቸኮለች ሴት ግብጦ ገና ምላስ ሲነካ ያስታውቃል። እናቴ በሌላ ነገር ሁሉ ትቸኩላለች፤ በግብጦ ግን ቸኩላ አታውቅም። ጥሬውን ከደምበጫ ገበያ ታስመጣለች፤ ወንዙ ውስጥ የምትዘፈዝፍበትን ቦታ ደግሞ ለማንም አታሳይም። በዐቢይ ጾም «የፋንታነሽ ነው» ከተባለ ሰው ሳይቀምስ ይዘግናል።

እኔ ደብረ ማርቆስ ልብስ እሰፋለሁ። ታናሽ እህቴ ማርያማዊት እዚያው ከተማ መምህርት ናት። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ሱቄ መጣችና ቀሚስ የምትለካ መስላ መስታወቱ ፊት ስትዞር ቆይታ፣ «አንድ ሰው አለ» አለችኝ። ሰውየው አብሯት የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር ነው፤ ስሙ አምደሚካኤል፣ አገሩ ባቢሌ።

«ባቢሌ? የለውዝ አገር?» አልኳት። «በያ ለውዝ ያምጣልና።»

«እሱስ ለውዝ አይበላም» አለችና ሳቀች። «ልጅ ሆኖ በልቶ ከንፈሩ አብጦ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ እናቱ እየጠበቁ ነው ያሳደጉት። ጎጃም ሲመደብ፣ ለውዝ የማይዘራበት አገር ሄደልኝ ብለው እልል ብለዋል።»

እኔም ሳቅሁ። ባቢሌ ተወልዶ ለውዝ የማይበላ ሰው ማለት እኛ ቤት ተወልዶ ግብጦ የማይበላ ሰው ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ይህን ያልኩት ለቀልድ ነበር።

እናቴ ስትሰማ ፊቷ ወዲያው ጠቆረ። ሰውየው ክርስቲያን ነው፣ ሥራ አለው፣ አይጠጣም፤ ይህን ሁሉ ነገርናት። እሷ የሰማችው «ባቢሌ» የሚለውን ብቻ ነው። ልጇን አንስተው ባቡር ላይ የጫኑባት መሰላት። አባቴ ጌታሰው ግን የዋህ ነው፤ «ሰው ከሆነ ምናለበት» አለ። በመጨረሻ እናቴ፣ «ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዓይኑን ልየው» ብላ ፈቀደች።

በጾሙ አጋማሽ በአንድ ቅዳሜ ሦስታችን ከደብረ ማርቆስ ተነስተን መጣን። አምደሚካኤል ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ ሰው ነው። ከመኪና ወርደን ዳገቱን በእግር ስንወጣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቤት ስንደርስ ጎረቤታችን ወለተ ሰንበት ተቀምጣ አገኘናት። እንዲያው በአጋጣሚ ነው የመጣችው። ወለተ ሰንበት እንግዳ ባለበት ቀን ሁሉ በአጋጣሚ የምትመጣ ሴት ናት፤ ከእናቴ ጋር አብረው አድገዋል፣ አብረው ይጾማሉ፣ ሲነካኩም ይውላሉ።

እናቴ ግብጦውን በሳህን ሞልታ አቀረበች። እሱም ሁለት ጊዜ ዘግኖ በላ።

«እጅግ ይጣፍጣል፣ እማማ» አለ።

ይህን ብሎ ብዙም ሳይቆይ ከንፈሩን ያክ ጀመር። ቀጥሎ አንገቱን። ቀና ብዬ ሳየው የላይ ከንፈሩ አብጦ የሌላ ሰው ሆኗል፤ አንገቱ ላይ ሽፍታ ወጥቷል፤ ዓይኑ ያለቅሳል። ማርያማዊት ደንግጣ ተነሳች።

«ምች ነው!» አለች እናቴ። «በዚህ ፀሐይ አምጥታችሁት! ምች ነው የመታው!»

ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ መጣች። በእጇ አሸችና አፍንጫው ውስጥ ጨመቀችበት፤ ግንባሩን ቀባችው፤ በቀረው ደግሞ አንገቱን አሸችው። ምስኪኑ ሰው እምቢ አላለም። «ተሽሎኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» እያለ አስነጠሰ። ደግነቱ ከሰዓት በኋላ እብጠቱ በራሱ ጎደለ፤ ምስጋናውን ዳማከሴው ወሰደው። እሱም ሲጠየቅ «የፀሐዩ ነው» አለ። ከባቢሌ የመጣ ሰው የሮብ ገበያ ፀሐይ መታኝ ሲል ማንም አልሳቀበትም።

ወለተ ሰንበት ስትወጣ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች። «ፋንታነሽ» አለች ረጋ ብላ፣ «ዘንድሮ ወንዙ ውሃ አንሶታል መሰል።»

ከዚያ ሄደች።

እናቴ የቆመችበት ቀረች። ይህች አንዲት ቃል ምን እንደምትል ጎጃሜ ሁሉ ያውቃል፤ ግብጦሽ አልተዘፈዘፈም፣ እንግዳ መረዝሽ ማለት ናት። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ የቆሙት ሴቶች ሁሉ የእናቴን ጤንነት ጠየቁ። ከዚያ በፊት እንዲህ ተጨንቀውላት አያውቁም። አንዳንዶቹማ አማችነቱን ስላልወደደችው ሆን ብላ ነው እስከማለት ደርሰዋል።

እቤት ገብታ ያለችውን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። «ይኸ ሰው ስሜን አጠፋው። ተመልሶ ይምጣ። ወለተ ሰንበት እያየች ግብጦየን ይብላ። በልቶ ደህና ከዋለ ሽማግሌውን ይላክ፤ አለዚያ ልጀን አልሰጥም፤ አለቀ!»

«እማየ፣ ሰው በግብጦ ይዳራል?» አልኳት።

«በምን ይዳር? በፊዚክስ?»

ማርያማዊት ማልቀስ ጀመረች። እናቴ ካለች አለች ነው፤ ያለ እናቷ ምርቃት ደግሞ እህቴ አታገባም። ከተማ ስንመለስ፣ ቅዳሜ ማታ ቀድሞን ለሄደው ለአምደሚካኤል ሲነገረው ማርያማዊት የፈራችው አልሆነም። ጆሮው ቀላ እንጂ አልተቆጣም።

«እበላለሁ» አለ። «ጆንያውንም ቢሆን እበላለሁ።»

ያን ቀን ወደድኩት። አሁን ሳስበው ደግሞ በጥፊ ልለው ነበር የሚገባኝ። ኋላ እንደነገረን ከግብጦው በኋላ አፉን የበላው ልክ በልጅነቱ ለውዝ ሲበላ እንደሆነው ነበር። ለምን አልተናገርክም ብንለው፣ «እንዴት አድርጌ የሙሽራዬን እናት ግብጦዎ አልተስማማኝም እላለሁ?» አለ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ባቢሌም አለ ማለት ነው።

እናቴ በበኩሏ ዘመቻ ገባች። አዲስ ግብጦ አስመጣች፤ ቆላች፤ ወንዝ ወረደች። በየቀኑ እየሄደች ጆንያውን አገላበጠች። አንድ ቀን ልጠይቃት መጥቼ አብሬያት ብሄድ፣ ከገደሉ በላይ አስቁማኝ ብቻዋን ወርዳ ወንዙን «ምን ያስተኛሃል፣ ፈሰስ በል!» እያለች ስትቆጣው ሰማኋት። ከወትሮው አብልጣ ዘፈዘፈችው። ራሷ ቀመሰች፣ አባቴን አስቀመሰች፣ ዶሮዎቹንም አስቀመሰች። ምሬት የሚባል አልቀረም።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ቤታችን ፍርድ ቤት መሰለ። ወለተ ሰንበት ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሌሎችም ሁለት ሦስት ጎረቤቶች በአጋጣሚ መጡ። አባቴ ለከብቶቹ ገለባ አቅርቦ እያስነጠሰ ገባ። እሱ ገለባ ሲነካ፣ በውቂያ ጊዜም አውድማ ሲወጣ፣ ዓይኑ ቀልቶ ንፍጡ ይወርዳል፤ እናቴ «ሥራ ሲያይ ነው የሚያመው» ትለዋለች። ያን ቀንም በሰው ፊት አለችው።

አምደሚካኤል ሳህኑን ተቀበለ። አማተበና አንድ እፍኝ በላ። ወለተ ሰንበት ከንፈሩን እንጂ ሌላውን አካሉን አታይም። ደግሞ ዘገነ።

«ምንም ምሬት የለውም» አለ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

እናቴ ወደ ወለተ ሰንበት ዞረች። ያን ፊት ብታዩት! ሎተሪ የወጣለት ሰው እንዲያ አይሆንም።

ሦስተኛውን እፍኝ ሳይጨርስ ሳል ያዘው። ትን ያለው መስሎን ነበር። ውሃ ሰጠሁት፤ መዋጥ አቃተው። ድምፁ ጎረነነ። «ጉሮሮዬ...» አለና ቃሉን ሳይጨርስ ደረቱን ያዘ። ሲተነፍስ ያፏጫል። ፊቱ ሁሉ ማበጥ ጀመረ፤ ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

እናቴ ወደ ጓሮ ሮጠች። የምትቀጥፈውን አውቄያለሁ።

«እማየ፣ ዳማከሴሽን ተይው!» ብዬ ጮህኩ። «ትንፋሽ ነው ያጠረው! አባየ፣ ባጃጅ አስቁም!»

አባቴ እያስነጠሰ ሮጠ። እንዴት እንደወረድን አላውቅም። ባጃጁ ውስጥ እኔና እህቴ ግራና ቀኝ ደግፈን አስቀመጥነው። እናቴ ነጠላዋ የት እንደወደቀ ሳታውቅ፣ ያን ያህል ጊዜ «እርስዎ» ስትለው የነበረችውን ሰው ጉልበቱን ይዛ፣ «ተንፍስ! አንተ ልጅ፣ በናትህ ተንፍስ!» ትለዋለች። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እህቴ አልጮኸችም፤ እጁን ይዛ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ያን ማየት ከጩኸት ይብስ ነበር።

ጤና ጣቢያው ቅርብ መሆኑ እግዜር ይመስገን። ተረኛዋ ነርስ ሲስተር ሙሉብርሃን አንድ ጊዜ አየችውና ሳትጠይቅ ገፍታን አስገባችው። ቀና አድርጋ አስቀመጠችው፤ ጭኑ ላይ መርፌ ወጋችው፤ ኦክስጅን አደረገችለት። ከዚያ ደረቱን እያዳመጠች ጠበቀች። እኛም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። ቀስ እያለ ፉጨቱ ቀነሰ። ከንፈሩ ላይ ደም ተመለሰ። ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ ያያት ማርያማዊትን ነው፤ እሷም ያን ጊዜ ልቅሶዋን ለቀቀችው።

«ምንድን ነው የበላው?» አለች ሲስተር።

እናቴ ወደ ፊት ወጣች። «ግብጦ ነው። የኔ ግብጦ። ግን ሲስተር፣ ምሬቱ ወጥቷል! ቅመሺው!» አለችና ከመቀነቷ ቋጠሮ ግብጦ አወጣች። በዚያ ሁሉ ግርግር ማስረጃዋን ይዛ መጥታለች።

«እማማ፣ እሱን ከዚህ ክፍል ያውጡልኝ!» አለች ሲስተር። «እጅዎንም በሳሙና ይታጠቡ። እናንተም የነካችሁት ታጠቡ።»

ታጥበን ስንመለስ እሱን ጠየቀችው፤ ሌላ የማይስማማህ ምግብ አለ? ድምፁ ገና ሻካራ ነው። «ለውዝ» አለ። ሲስተር ሙሉብርሃን ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«እሱ ነው» አለች። «ግብጦና ለውዝ ዘመዳሞች ናቸው። አለርጂ ነው ያለብህ። ለውዝ የማይስማማው ሁሉ ግብጦ አይስማማውም ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ግን እንዳንተ ሁለቱም ይከለክሉታል።»

«አለርጂ ምንድን ነው?» አለች እናቴ። «ልጀን ይዞብኝ እንዳይሆን!»

«አይተላለፍም፣ እማማ። ሰውነታችን ዘበኛ አለው፤ በሽታ ሲገባ ይዋጋልናል። የአንዳንድ ሰው ዘበኛ ደግሞ እንግዳ ከሌባ አይለይም። ደህናውን እህል ጠላት ገባ ብሎ ይነሳበታል፤ የሚጎዳው ያ ቁጣ ነው እንጂ እህሉ አይደለም። የአንዱ ሰው በምግብ ይቆጣል፤ የሌላው በንብ መርዝ፣ የሌላው በመድኃኒት፣ በአቧራ። ያሳክካል፣ ሽፍታ ያወጣል፣ ያስነጥሳል፣ ሆድም ያውካል። ለማሳከኩና ለሽፍታው የሚዋጥ መድኃኒት አለ። ትንፋሽ ሲያጥር፣ ድምፅ ሲዘጋ፣ ሰው ሲዝለፈለፍ ግን መርፌ ነው፤ እንክብልም ዳማከሴም አይደርስለትም። ሮጣችሁ መምጣታችሁ ነው ያተረፈው።»

«በመጀመሪያው ቀንኮ በራሱ ተወው» አልኩ።

«መጀመሪያ ቀላል ነበር ማለት ሁለተኛውም ቀላል ይሆናል ማለት አይደለም። ሦስተኛውን መሞከር የለም። ለምርመራ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እጽፍለታለሁ። እስከዚያ ለውዝና ግብጦ በዓይኑም እንዳይዞር። ሽሮው ውስጥ ግብጦ የሚቀላቅል ሰው አለና ጠይቆ ይብላ።»

እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ዋናውን ጥያቄ ጠየቀች። «ታዲያ ግብጦየ... አልመረረም?»

«አልመረረም፣ እማማ። ከገነት ቢመጣም ለሱ አይሆንም።»

እልልታውን አቀለጠችው! ጤና ጣቢያ ውስጥ! በመስኮት በኩል ነፍሰ ጡሮች ብቅ አሉ፤ ወንድ ልጅ ተወለደ ብለው እነሱም ተቀበሏት። ሲስተር «እማማ፣ በሽተኛ አለ» ብትላትም ማን ይስማት። ከእልልታው መሃል ዘወር ስትል ግን አልጋው ላይ ያለውን ሰው አየችው። ዓይኑ አብጦ ሊደፈን ደርሷል፤ በዚያ ባበጠ ፊቱ ለእሷ ደስታ ይስቃል። እልልታው አፏ ላይ ቀረ። አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠችና ነጠላ የሌለው ራሷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች።

«ገድየህ ነበር» አለችው። «ለስሜ ብየ ገድየህ ነበር።»

«እኔም ባልናገር ነው፣ እማማ» አለ። «ደግሞ ግብጦው እውነትም ይጣፍጣል።»

በዚህ መሃል አባቴ በእግሩ ደረሰ። ልብሱ ገለባ እንደያዘ ነው። ሦስት ጊዜ አከታትሎ ሲያስነጥስ ሲስተር ሙሉብርሃን ዞር ብላ አየችው። መቼ መቼ እንደሚያስነጥሰው፣ ዓይኑን ያሳክከው እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚያ፣ «እርስዎም የገለባ አቧራ አለርጂ ሳይኖርብዎ አይቀርም፤ አፍና አፍንጫዎን በጨርቅ ሸፍነው ይሥሩ፣ የሚዋጥም እሰጥዎታለሁ» አለችው።

አባቴ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ፍርድ ተሰጠ።

«ፋንታነሽ!» አለ። «ሰማሽ? ስንፍና አይደለም!»

«ለገለባ ነው ያለችህ» አለች እናቴ እንባዋን እየጠረገች፤ «ለማረስ አላለችህም።»

ሁላችንም ሳቅን፤ በሽተኛውም ሳቀና ሳል ያዘው፤ ደንግጠን ዝም አልን፤ ደህና መሆኑን ስናይ እንደገና ሳቅን። ሲስተር ቁጣው ተመልሶ ሊነሳ ይችላል ብላ እዚያው አቆየችው፤ ሲለቀቅ ግን ከኛ ይልቅ እሱ ነበር የሚደግፈን።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። እናቴ ደጅ ድረስ ወጥታ ተቀበለቻቸው። ሠርጉ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሆነ። መንደሩማ አለርጂን ወደዳት። ወለተ ሰንበት ለረዥም ስግደት አለርጂ አለብኝ አለች፤ አንዱ ጎረቤታችን ለአማቱ አለርጂ ነው። አባቴ አፍንጫውን በሻሽ ጠቅልሎ ገለባ ሲያቀርብ ላየው ሁሉ «ትእዛዝ ነው» ይላል።

እናቴ ግን አልቀለደችም። ከሠርጉ በፊት ቤት ውስጥ የነበረውን ግብጦ አውጥታ ሰጠች። ሰፌዱን፣ ወንፊቱን፣ ድስቱን አጠበች፤ ያልተማመነችበትን አስወጣች። እኛ ዘንድ ከግብጦም ይወጣልና አረቄው እንኳ ከሌላ እህል የወጣ ይሁን ብላ አዘዘች፤ ይህን ሲስተርም አላለችም። ከዚያ አንድ ቀን ወለተ ሰንበትን ጠርታ ወንዝ ወረዱ። ለእኔ ለልጇ እንኳ ያላሳየችኝን ቦታ አሳየቻት። «ከእንግዲህ አንቺ ዘፍዝፊ» አለቻት። ይህን የሰማሁት ከራሷ ከወለተ ሰንበት ነው።

የሠርጉ ቀን ዳሱ ሞላ። ከበሮው ይመታል፣ የባቢሌዎቹ ዘመዶች ከኛዎቹ ጋር እስክስታ ይወርዳሉ። እኔ ራሴ የሰፋሁትን ቀሚስ የለበሰች እህቴ ከባሏ ጎን ተቀምጣ ታበራለች። እናቴ ግን ዳስ ውስጥ የለችም፤ በር ላይ ናት። የገባውን እንግዳ ሁሉ ትስማለች፣ ኪሱን ትዳስሳለች። አንድ ቄስ እንኳ ከቀሚሳቸው ኪስ ጥቂት ግብጦ አውጥተው አስረክበው ነው የገቡት።

ወለተ ሰንበት አምራ መጣች። እጇ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን አለ። ከአዲሱ ቦታ ያወጣችው የመጀመሪያ ግብጦዋ ነው፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ እንከን የሌለው።

«መልሺው» አለች እናቴ።

«ፋንታነሽ፣ ከሩቅ ነው የማስቀምጠው! ያንቺ ቤት ሠርግ ያለ ግብጦ? ሰው ምን ይላል? ሙያዋ ጠፍቷታል ነው የሚሉሽ!»

«የፈለጉትን ይበሉ» አለች እናቴ። «ልጀ በሠርጉ ቀን ሳይፈራ ይብላ።»

ወለተ ሰንበት ጨርቁን መልሳ ሸፈነች። ከዚያ ሳህኑን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ ስትመጣ ከሁሉም አስበልጣ እልል አለች።

የምግቡ ሰዓት ሲደርስ እናቴ በሩን ለአባቴ አስረከበችው። እሷም በሳሙና ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች፤ ገብታ ሙሽሮቹ ፊት ቆመች። ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለችና ወደ አምደሚካኤል ዘረጋች። በዳሱ ውስጥ የነበርን ታሪኩን የምናውቅ ሁሉ እጇን አየን። እሱ እጇ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እንኳ አላየም። እሷን እያየ አፉን ከፈተ።